ዕርዳታ ጮርቃው እንሰት ሳይነቀል ይድረስ

በጉራጌ ዞን ቸሃ ወረዳ የምግብ እጥረት በቀላሉ ዓይን ውስጥ አይገባም። ዝናብ የከዳው የማሽላ አገር ማሳው ራቁቱን ይቀራል፤ እምድብር ዙሪያ ግን የተቸገረው ቤት ጓሮ ላላፊ አግዳሚው እንደ ለመለመ ነው። እንሰት ለመድረስ ከ4 እስከ 7 ዓመት ይፈልጋል። የደረሰው ተፍቆ ጉድጓድ ይገባና ቆጮ ይሆናል፤ ለወራት ሳይበላሽ ይቀመጣል። ጉድጓዱ ሲራቆት ቤተሰቡ ለከርሞና ከዚያ ወዲያ ላለው ጊዜ የተተከለውን ጮርቃ ነቅሎ አሚቾ የሚባለውን ሥሩን ይቀቅላል። ልጆቹ ያን ቀን በልተው ያድራሉ፤ የመጪዎቹ ዓመታት ቀለብ ግን ከጓሮው ወጥቷል። አጠውልግ በሽታ የገባበት ጓሮ ከሆነማ የሚነቀለውም አይገኝ።

ሌላው መጠባበቂያ አዲስ አበባ ያለው ዘመድ ነው። ጉራጌ ከተማ ወጥቶ ነግዶ፣ ሊስትሮ ሠርቶ፣ ለአገር ቤት ሲልክ ኖሯል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ፤ ቀድሞም የከበደው የኑሮ ውድነት ባሰ። ከቤት ኪራይና ከቀለብ የማይተርፈው ሰው የሚልከው ያንሳል። ወልቂጤና ቡታጅራ በኪራይ የሚኖረው የቀን ሠራተኛ ደግሞ ጓሮም የለውም። በበዓል ሰሞን የሚደረገው ማዕድ ማጋራት ደግ ሥራ ነው፤ ሆኖም በዓሉ ሲያልፍ አብሮ ያልፋል።

የመንግሥት ድጋፍስ? በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ጉልበት ያለውን እርከንና መንገድ እያሠራ በዓመት ለ6 ወር፣ አቅመ ደካማውን ያለ ሥራ ይደግፋል። በእህል ሲከፈል ልኩ ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ ነው። ወረዳዎቹ ሲመረጡ ዋናው መስፈርት ቀደም ሲል በተከታታይ ዕርዳታ መቀበላቸው ነበር። እንዲህ ያለ መስፈርት በጓሮውና በዘመዱ ተደጋግፎ የቆየን ቤት አያይም። ቤቱም ቢሆን ለቀበሌ ችግሩን ከመናገር ጓሮውን መጨረስ ይቀለዋል፤ መለመን ነውር ነውና።

ሰኔ 2015 ዓ.ም. የአሜሪካ ተራድኦ ድርጅትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም እህሉ ለተረጂው ሳይደርስ እየተዘረፈ ነው ብለው ሥርጭቱን በመላ አገሪቱ ለወራት አቋረጡ። በስርቆቱ እጁ የሌለበት ተረጂ ጦሙን አደረ። በ2017 ዓ.ም. ተራድኦ ድርጅቱ ራሱ ተዘጋ። አሁን ከተረጂነት መላቀቅ የሚለው ቃል በየስብሰባው ይሰማል። ግቡ ተገቢ ነው፤ ዕርዳታ ሰውን ያሰንፋል የሚለው ወቀሳ ግን ቸሃ ላይ አይሠራም። ጮርቃውን ላለመንቀል 15 ኪሎ ስንዴ የተቀበለ ገበሬ ሀብቱን አዳነ እንጂ አልሰነፈም።

ስለዚህ ቀበሌው ተረጂ ሲመዘግብ ያለጊዜው የተነቀለ እንሰትን እንደ ዋና ምልክት ሊይዝ ይገባል። የግብርና ባለሙያው በየጓሮው ይዞራል፤ የማን ጉድጓድ ባዶ እንደሆነም የእድር ሽማግሌዎች ያውቃሉ። እነሱን ጠይቆ የጥቂት ወራት እህል በጊዜ ማድረስ፣ ጓሮው ካለቀ በኋላ ለዓመታት ከመቀለብ በብዙ ይቀላል።