ለአስፋልቱ የምንከፍለው ኪራይ

ሰሞኑን የሥራ ባልደረባዬን አከራይዋ ጠሩና «ልጄ፣ ሰፈሩ እንደተለወጠ አንቺም ታያለሽ» አሏት። ታያለች። የእግረኛ መንገዱ ተነጥፏል፣ መብራቱ ተደርድሯል። ሁለቱ ክፍሎቿ ግን ያው ናቸው፤ ጣሪያው ክረምት ያፈሳል፣ ሽንት ቤቱ የጋራ ነው። የተጨመረባት ኪራይ የቤቱ ሳይሆን የአስፋልቱ ነው። አስፋልቱን ደግሞ እማማ አላነጠፉትም።

«የ2016ቱ አዋጅስ?» ትሉኝ ይሆናል። ውሉ ቢያንስ ለሁለት ዓመት፣ ጭማሪው በዓመት አንዴ፣ ያውም በተወሰነው ልክ። ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ዋጋ ይህን ያከብራል፤ በእጅ የሚሰጠው ሌላ ነው። አከራዩን ከሶ እዚያው ግቢ የሚያድር ተከራይ ካያችሁ አስተዋውቁኝ።

መሬት ይሸጥ ይለወጥ ባዮቹ ወዳጆቼ ይኼኔ «አላልንም?» ይላሉ። ቢሸጥ እኮ እማማ ይከብራሉ እንጂ ባልደረባዬ አትገዛም። እነሱን በዚሁ ልለፋቸው።

ሐምሌ 1967 ደርግ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወርስ አከራይ የሚባል ነገር አከተመ ተብሎ ነበር። ኪራዩ ከመቶ ብር በታች የሆነው ቤት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያለው ለኪራይ ቤቶች ሄደ። የቀበሌ ቤት ኪራይ ግድግዳ እንኳ አላስለሰነም፤ ጭቃው ረገፈ፣ ቆርቆሮው ዛገ። ይሁንና ጉሊት ቸርቻሪዋንና እንጀራ ጋጋሪዋን ከደንበኞቻቸው ደጅ ያቆየው እሱ ነው፤ ቪላና ጎጆ አጥር ለአጥር የኖሩባት አዲስ አበባ የዘለቀችውም በሱ ነው። ዛሬ ዳር ወጥቶ ኮንዶሚኒየም የደረሰው ሰው ቧንቧና ሽንት ቤት አግኝቷል፣ አልክድም። ደንበኛው ግን አብሮት አልሄደም።

መሬቱ የሕዝብና የመንግሥት ከሆነ መንገዱ ያመጣውን ዋጋ እማማ ለምን ይሰብስቡት? ግብሩ በቦታው ዋጋ ላይ ይሁን ባልኩ ቁጥር «ተከራዩ ላይ ይጥሉታል» እባላለሁ። እስካሁን ከዚህ በላይ ያልጠየቁት አዝነውላት ነው? ገበያው የሚችለውን ጠይቀው ጨርሰዋል! የ2017ቱ የንብረት ታክስ አዋጅ ቦታንም ሕንፃንም ይዟል። ሕንፃውን ማሩት፤ አንድ ክፍል የጨመረ ሰው ምን አጠፋ? ቦታ አጥሮ የተቀመጠው ይክፈል። እኛ ሰፈር ቆርቆሮ የዞረበት ባዶ ቦታ አለ፤ ዘበኛው ጎመን ያለማበታል። ደላሎች ሲያንኳኩ ሁሌም አንድ መልስ ነው የሚሰጣቸው፦ «መንገዱ ወደዚህ እስኪታጠፍ ታገሱ ብለዋል።»