ሳይመዘን ስለሚገዛው የሰርቨር ዐቅም

የመርካቶ ነጋዴ በርበሬ ሲገዛ ኬሻውን ሳያስመዝን ገንዘብ አይከፍልም። ሻጩ የሥጋ ዘመዱ ቢሆንም እንኳ ሚዛን ይቀርባል፤ ይህም በመካከላቸው እንደ ነውር አይቈጠርም። ይኸው ነጋዴ ግን የኢንተርኔት መሸጫ ሲያሠራ፥ ዕቃውን የሚያሳየውና ትእዛዙን የሚቀበለው ሰርቨር በአንድ ጊዜ ስንት ደንበኛ ሊያስተናግድ እንደሚችል ሳይጠይቅ ውሉን ይፈርማል። ሠሪውም «ጠንካራ ነው፤ አያሳስብዎ» ይለዋል። ጠንካራ ማለት ስንት ማለት እንደ ሆነ ግን ከሁለቱ አንዱም አያውቅም። በዚህ ጽሑፍ ለማመልከት የምፈልገው፥ የሰርቨር ዐቅም እንደ ማናቸውም ዕቃ ተመዝኖ የሚታወቅ መሆኑንና ነጋዴውም ይህን ሚዛን በውሉ ውስጥ አስገብቶ መጠየቅ የሚገባው መሆኑን ነው።

ይህን የምለው በኮምፒዩተር ሞያ የሠለጠንሁ ሆኜ አይደለም። ትምህርቴ ከሁለተኛ ደረጃ አላለፈም፤ ሥራዬም የአንድ የወጥ ቤት ዕቃ አስመጪ ጸሐፊነት ነው። ነገር ግን በ2016 ዓ.ም. የፋሲካ ሰሞን የደረሰብን ጉዳት ነገሩን እንድመረምር አስገደደኝ።

በዚያ ሰሞን አሠሪዬ ለበዓሉ የዋጋ ቅናሽ አድርገው፥ ረቡዕ ከምሽቱ በ1 ሰዓት ለደንበኞቻችን ሁሉ የስልክ መልእክት አስላኩ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ገጻችን አልከፈት አለ። አለመከፈቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ ባልከበደ ነበር። የከፋው ገንዘባቸው በስልክ ከተቈረጠ በኋላ ትእዛዛቸው ሳይመዘገብ የቀረው ደንበኞች ነገር ነው። ከነዚህም አንዳንዶቹ «ተሳስተን ይሆናል» ብለው ሁለተኛ ከፍለዋል። እኔም ከጸሎተ ሐሙስ እስከ ቅዳሜ ማታ የባንኩን ዝርዝርና የትእዛዙን መዝገብ ጐን ለጐን አስቀምጬ ስም በስም ሳመሳክር ሰነበትሁ። ከበዓሉ በኋላ ለሚደረገው የልጃቸው ሠርግ ሲኒና ሰሐን ያዘዙ አንዲት እናት ደውለው «ልጄ፥ ብሬን ወሰዳችሁ፤ ዕቃዬስ?» ባሉኝ ጊዜ የምመልሰው ቃል አጣሁ። ገንዘባቸው ተመልሶላቸዋል፤ እሳቸው ግን ወደ እኛ አልተመለሱም።

ገጹን የሠራልን ድርጅት ምክንያቱን ሲጠየቅ፥ ሰርቨሩ ትንሽ ስለ ሆነ ነው፥ እጥፍ የሚሆን ተከራዩ አለን። ተከራየን፤ ወርኃዊ ኪራዩም እጥፍ ሆነ። እኔ ግን ካሁን በፊት ያልተመዘነው አሁንም አለመመዘኑን አይቼ፥ አንድ ሞያተኛ ወጣት እንዲመዝንልን አሠሪዬን ለመንሁ። ወጣቱም የገጹን ግልባጭ በተመሳሳይ ሰርቨር ላይ አኑሮ፥ አፓቼ ጄሜተር በሚባለው በነጻ በሚገኝ ፕሮግራም እንደ ደንበኛ ሆነው ገጽ የሚከፍቱ፥ ዕቃ የሚመርጡና ትእዛዝ የሚሰጡ የውሸት ገዢዎች ጥቂት በጥቂት እየጨመረ ሰደደበት።

ውጤቱ ይህ ነበር። 20 ገዢዎች ያለ ማቋረጥ ገጽ ሲጠይቁ መልሱ በሴኮንድ 8 ዐሥረኛ ይመጣል። 50 ሲሆኑ 2 ሴኮንድ፥ 100 ሲሆኑ 4 ሴኮንድ፥ 200 ሲሆኑ 8 ሴኮንድ ይፈጃል። 300 ሲደርሱ ለመልስ የተፈቀደው 10 ሴኮንድ እያለፈ ስሕተት መጣል ጀመረ። አንባቢ እነዚህን ቍጥሮች ቢያካፍላቸው አንድ ነገር ያገኛል፤ 20ውን ለ0.8፥ 50ውን ለ2፥ 200ውን ለ8 ቢያካፍል ምን ጊዜም 25 ይወጣል። ይኸውም ሰርቨሩ በሴኮንድ ከ25 ገጽ በላይ መስጠት አይችልም ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሰው የሚጨምረው ሰልፉን እንጂ ሥራውን አይደለም። አንድ ገንዘብ ተቀባይ ባለበት ባንክ ዐሥር ሰው ቢገባም መቶ ሰው ቢገባም በሰዓት የሚስተናገደው ያው እንደ ሆነ ሁሉ ይህም እንደዚያው ነው። በዚህ ላይ ደንበኛ ሲዘገይበት ገጹን ደጋግሞ ስለሚከፍት፥ አንዱ ሰው በሰልፉ ውስጥ ሦስትና አራት ሆኖ ይቈማል።

የሚያስደንቀው ግን፥ ይህ 25 የተባለው ቍጥር በአሮጌውም በእጥፉም ሰርቨር ላይ አንድ ሆኖ መገኘቱ ነው። ያሳደግነው ገጹን የሚያቀርበውን ሰርቨር ነበር፤ የመጋዘኑ መዝገብ ያለው ግን በሌላ ሰርቨር ላይ ነው። ለእያንዳንዱ ገጽ ያ መዝገብ ማውጫ እንደሌለው መጽሐፍ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይገላበጥ ነበር። ማውጫው በአንድ ቀን ሥራ ተበጀለት፤ በቀድሞው በትንሹ ሰርቨር ላይ እንኳ በሴኮንድ ከ90 ገጽ በላይ መስጠት ቻለ። ስለዚህ ለጥቂት ወራት የከፈልነው እጥፍ ኪራይ እንዲያው የጠፋ ገንዘብ ነው።

ነገሩ አዲስ ጥበብ አይደለም። ኤርላንግ የተባለው የዴንማርክ ሊቅ ስለ ስልክ ጥሪዎች መጨናነቅ የመጀመሪያውን ሒሳባዊ ጽሑፉን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1909 ነው።

ሆኖም ሚዛንም ይዋሻል። የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ ደጋግሞ በመክፈት የሚደረግ ሙከራ፥ መዝገቡን ስለማይነካ መልካም ቍጥር ያሳያል፤ ደንበኛ ግን የሚጠፋው በክፍያው ላይ ነው። አማካይ የሚባለውም ያታልላል። ከ100 ትእዛዝ 90ው በግማሽ ሴኮንድ፥ 10ሩ በ20 ሴኮንድ ቢፈጸሙ አማካዩ ወደ ሁለት ሴኮንድ ተኩል ይሆናል፤ በወረቀት ላይ ሲያዩት ያምራል፤ ዐሥሩ ደንበኞች ግን ሄደዋል። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት «ከመቶው ዘጠና አምስቱ በስንት ሴኮንድ ተስተናገዱ?» ተብሎ ነው።

በታላላቅ መንግሥታትም ይህ ደርሷል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1 ቀን 2013 የተከፈተው የጤና መድን መሸጫ ገጽ በአንድ ጊዜ ከ50 ሺህ እስከ 60 ሺህ ሰው ይመጣል ተብሎ ሲጠበቅ 250 ሺህ ያህል መጣበት፤ በመጀመሪያው ቀን መመዝገብ የቻሉት 6 ሰዎች ብቻ ነበሩ። አውስትራሊያ ግን ለ2016ቱ የሕዝብ ቈጠራ ገጿን በሰዓት አንድ ሚሊዮን ቅጽ እንዲቀበል አስመዝና ነበር፤ ኦገስት 9 ማታ ከውጭ በተሰነዘረ የማጨናነቅ ጥቃትና በአንድ ራውተር ብልሽት ምክንያት ለሁለት ቀን ያህል ተዘጋ። ይህን የምጠቅሰው ሚዛኑ የተመዘነውን ብቻ የሚናገር መሆኑን እንዳንረሳ ነው።

«የእኔ ደንበኛ ጥቂት ነው፤ ይህ ለትልልቆቹ ነው» የሚል ነጋዴ እንደሚኖር ዐውቃለሁ። 2,000 ሰው እያንዳንዱ 8 ገጽ ቢከፍት 16,000 ገጽ ነው። ይህ በ24 ሰዓት ቢከፋፈል በ5 ሴኮንድ አንድ ገጽ ያህል ስለሚሆን ማንኛውም ሰርቨር ይችለዋል። በአንድ መልእክት ተጠርተው በ10 ደቂቃ ውስጥ ቢመጡ ግን በሴኮንድ 27 ገጽ ያህል ይሆናል፤ የእኛን 25 ያለፈውም ይኸው ነው። እኛ ነጋዴዎች ደግሞ በበዓል ዋዜማ ሁላችንም የምንጠራው በአንድ ሰዓት ነው።

ሙከራውን የሚያደርግ ሰው የሰርቨሩን አከራይ አስቀድሞ ማስፈቀድ አለበት፤ ሳያስፈቅዱ ማድረግ ከጥቃት አይለይም፥ ጐረቤት ደንበኞችንም ይጐዳል። የባንኩንና የቴሌብሩን መስመር ሳይነኩ በነሱ ቦታ የማስመሰያ መልስ ማቆም ይገባል።

የንግድ ምክር ቤታችን ለአባሎቹ አንድ አጭር የውል ናሙና ቢያዘጋጅ መልካም ነው እላለሁ። በናሙናውም ሠሪው በሴኮንድ ስንት ትእዛዝ እስከ ክፍያው ድረስ እንደሚፈጸም፥ ከመቶው ዘጠና አምስቱ በስንት ሴኮንድ እንደሚስተናገዱ፥ ዐቅሙ ሲሞላም ገጹ ገንዘብ ሳይቈርጥ «ጥቂት ይጠብቁ» እንዲል በቍጥር ይጻፍበት። የመጨረሻው ክፍያ የሚፈጸመውም ገዢው በመረጠው ሞያተኛ ከተመዘነ በኋላ ይሁን። የእኛን አዲሱን ውል በዚህ ዐይነት ጽፈነዋል፤ ሠሪው ጥቂት አጕረመረመ፥ ኋላ ግን ፈረመ።