ዓርብ ሥጋ መብላት የዳግም ልደት ማስረጃ አይደለም



በጥር ወር የቦናው አዝመራ ተሰብስቦ ሠርግ ይበዛል። በዚያ ሰሞን ከሮቤ ወደ ጎባ በሚወስደው 14 ኪሎ ሜትር መንገድ የሚሄድ ሰው በግራም በቀኝም የሚያየው የታጨደ የገብስና የስንዴ ማሳ ነው። ወደ አንዱ የአማኞች ሠርግ ጎራ ቢል ግን ያ ሁሉ በረከት ገበታው ላይ እምብዛም አይታይም። ቁርጡ፣ ጥብሱ፣ ቀይ ወጡ፣ የነጭ ዱቄት ዳቦው፣ ሣጥን በሣጥን ላይ የተደረደረው ለስላሳ ይጠብቀዋል። ሽሮ የፈለገ ሰው "ለጾመኞች" ተብላ ጥግ የተቀመጠች አንዲት ድስት ይጠቁሙታል። አንድ ወንድም ከዚያች ድስት ሲጨልፍ "ምነው ወንድሜ፣ ወደ ኋላ ተመለስክ እንዴ?" ይባላል። ሁላችንም እንስቃለን።

ይህን የምንጽፈው ስለዚያ ሳቅ ነው። እኛም አብረን ስቀናልና ራሳችንን ሳናወጣ እንናገራለን።

ነፃነታችንን ለምን አዋልነው?

ብዙዎቻችን ወንጌልን የተቀበልነው ከጾም ሥርዓት ውስጥ ወጥተን ነው። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን አንድ ምእመን በዓመት ወደ 180 ቀን ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ይከለከላል። እኛ ደግሞ መዳን በጸጋ እንጂ በምግብ እንዳልሆነ ስንረዳ ደስ አለን። ይህ ደስታ ትክክል ነው፤ አንክደውም። ጌታ ራሱ ሰውን የሚያረክሰው ከውጭ የሚገባው ሳይሆን ከልብ የሚወጣው መሆኑን አስተምሯል (ማር. 7)። ጳውሎስም የእግዚአብሔር መንግሥት በሚበላና በሚጠጣ ነገር እንደማትቆም ጽፎልናል (ሮሜ 14፥17)።

ነገር ግን አንድ ስህተት ሠራን። ሥርዓቱን ስንተው ምግቡንም አብረን ናቅነው። ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ በሶ በሙሉ "የጾም ምግብ" የሚል ታፔላ ተለጠፈባቸው። አዲስ አማኝ ነፃነቱን የሚያሳየው ረቡዕና ዓርብ ሥጋ በመብላት ሆነ። እንግዲህ እንጠይቅ፦ ትናንት "አትብላ" የሚል ሕግ የገዛው ሰው ዛሬ "ብላና አሳይ" የሚል ሕግ ከገዛው፣ ነፃ የወጣው ከምኑ ነው? ጌታው ተለወጠ እንጂ ባርነቱ አልቀረም።

የቆሮንቶስ ሰዎችም እንዲህ ያለ መፈክር ነበራቸው። ሁሉ ተፈቅዷል፣ መብልም ለሆድ ነው ይሉ ነበር። ጳውሎስ የሰጣቸው መልስ የተፈቀደ ሁሉ እንደማይበጅ፣ እርሱም ለምንም ነገር ባሪያ እንደማይሆን ነው። ንግግሩን የደመደመውም ሰውነታቸው የመንፈስ ቅዱስ ቤተ መቅደስ መሆኑን በማሳሰብ ነበር (1ኛ ቆሮ. 6፥12–20)። እኛ ይህን ክፍል ለሲጋራና ለጫት ጠቅሰን ስንሰብክ አንደክምም። ለሳህናችን ግን ጠቅሰነው አናውቅም።

ጸሎቱና ጠርሙሱ

ሽማግሌዎቻችንና ዘማሪዎቻችን በስኳር በሽታና በደም ግፊት ሲያዙ እጅ ጭነን እንጸልያለን። መጸለያችን መልካም ነው፤ ጌታ ይፈውሳል። ነገር ግን "አሜን" ካልን በኋላ ያንኑ የስኳር ሕመምተኛ "ለበረከት ነው፣ እንቢ አይባልም" ብለን ለስላሳ እንከፍትለታለን። አንድ 300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ብዙውን ጊዜ 30 ግራም ያህል ስኳር አለው፤ ስድስት ወይም ሰባት የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለጤነኛ አዋቂ እንኳ በቀን ውስጥ የሚጨመር ስኳር ከ50 ግራም እንዳያልፍ፣ ቢቻል ወደ 25 ግራም እንዲወርድ ይመክራል። ጨው ደግሞ በቀን ከ5 ግራም በታች፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ እንዲሆን ይላል። በእጃችን እያመጣን ያለነውን ሁሉ "የጠላት ጥቃት" ብለን ስንጠራ ሰይጣንን አላሸነፍነውም፤ ራሳችንን አታለልን እንጂ።

የሥጋውም ነገር እንዲሁ ነው። ከዓለም ጤና ድርጅት ጋር የሚሠራው የካንሰር ምርምር ተቋም በ2015 እ.ኤ.አ. ቀይ ሥጋን ካንሰር ሳያስከትሉ አይቀሩም ከሚባሉት መድቦታል፤ እንደ ቋሊማ ያለውን የተቀነባበረ ሥጋ ደግሞ ካንሰር እንደሚያስከትል ከተረጋገጡት ውስጥ አስገብቶታል። ጥሬ ሥጋ የኮሶ ትል እንደሚያመጣ ለባሌ ሰው የሚነግር አያስፈልገውም። ይህ ማለት አንድ ቁራሽ ጥብስ ይገድላል ማለት አይደለም። የደስታ ቀን ምግብ የዘወትር ምግብ ሲሆን ግን ሰውነት ዋጋውን ይከፍላል።

ጌታ በዚህ ምድር ያስቀመጠልን

ከሳነቴ አምባ ሥር ያለው ይህ ደጋ በዓመት ሁለት ጊዜ የሚታጨድበት ምድር ነው። ስንዴው፣ ገብሱ፣ ባቄላው፣ አተሩ፣ ምስሩ፣ ተልባው ከዚሁ ነው። የሲናና የግብርና ምርምር ማዕከል ለእነዚህ ሰብሎች የተሻሻሉ ዘሮችን ሲያወጣ ኖሯል። ዳዊት ከአቤሴሎም ሸሽቶ በምድረ በዳ ሲደክም ወዳጆቹ ይዘውለት ከመጡት መካከል ስንዴ፣ ገብስ፣ ዱቄት፣ ቆሎ፣ ባቄላና ምስር ነበሩ (2ኛ ሳሙ. 17፥28)። የሮቤ ገበያ በሉት! ጌታችን አምስት ሺህ ሰው ያጠገበበት እንጀራ የገብስ ነበር (ዮሐ. 6፥9)፤ ያን ጊዜም ገብስ የድሃ ምግብ ነበር።

ገብስ ቤታ ግሉካን የሚባል አሰር አለው፤ በደም ውስጥ ያለውን ኮሌስትሮል ዝቅ ለማድረግ ይረዳል። ባቄላ፣ አተርና ምስር ፕሮቲን ከአሰር ጋር ይሰጡናል፤ ስኳርን በደማችን ውስጥ ቶሎ አያስፈነጥሩም። ስንዴው በነጭ ዱቄት ሲወጣ ግን ከፍሬው ጠቃሚ የሆነው የውጭ ሽፋንና እንቡጥ ለከብት መኖ ይሄዳል። ከብቱ የተሻለውን በልቶ እኛ የቀረውን እንበላለን።

ሌላም አለ። "አንጠጣም" እያልን የምንመሰክር ሰዎች ገብሳችን ለቢራ ብቅል ሲሄድ፣ ባቄላችን ገበያ ሲወጣ፣ በምትኩ ስኳርና የሚረጋ ዘይት ገዝተን እንመለሳለን። ሸጦ ልጅ የሚያስተምረውን ገበሬ አንወቅስም። ነገር ግን ለልጆቹ ጥቂት ቁና ባቄላ ሳያስቀር ሁሉን እንዳይሸጥ ከመድረክ የነገረው ማን ነው?

በሌላው በኩል ያለው ስህተት

"እንግዲያው ሥጋ መብላት ኃጢአት ነው" የሚሉ አስተማሪዎች ይነሱ ይሆናል። እነርሱንም እንቃወማለን። እግዚአብሔር በምስጋና እንዲወሰድ የፈጠረውን ከመብላት መከልከል የሐሰት ትምህርት እንደሆነ ቃሉ ይናገራል (1ኛ ጢሞ. 4፥3–5)። ዳንኤልን ይጠቅሱ ይሆናል። ዳንኤል አሥር ቀን አትክልት የበላው በንጉሡ ማዕድ እንዳይረክስ ነበር። ኋላ ለሦስት ሳምንት ሥጋና ወይን እንደተወ መጻፉም (ዳን. 10፥3) በሌላው ጊዜ ይበላ እንደነበር ያሳያል።

ደግሞም በዓመት አንዴ ሥጋ የሚቀምስ ቤት "ቀንስ" አይባልም። ሕፃናት፣ ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶች እንቁላልና ወተት ያስፈልጋቸዋል፤ ቫይታሚን ቢ 12 ከእህልና ከአትክልት አይገኝም። እንቁላሉን ሸጦ ለእንግዳ ለስላሳ የሚገዛ ቤት የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መድኃኒት የሚወስዱም ወገኖች ምግባቸውን ስላስተካከሉ ወይም ስለተጸለየላቸው ብቻ ያለ ሐኪም ምክር መድኃኒታቸውን አያቁሙ።

ገበታው ማንን ይሰበስባል?

የምንኖረው ከሙስሊምና ከኦርቶዶክስ ጎረቤቶች ጋር ነው። ሥጋ ስናቀርብ ገበታው ይከፈላል፤ "የማን እርድ ነው?" የሚለው ጥያቄ ይነሳል። ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመንና ትኩስ ዳቦ ስናቀርብ ግን ብዙውን ጊዜ ሁሉም በአንድ ትሪ ዙሪያ ይቀመጣል። ጳውሎስ ወንድሙን የሚያሰናክል ከሆነ ሥጋን ለዘላለም ለመተው ፈቃደኛ ነበር (1ኛ ቆሮ. 8፥13)። እኛ ለጎረቤታችን ብለን አንድ ምሳ መተው አቃተን? "ጾም ምግብ" ብለን ጥግ ያስቀመጥናት ድስት ሁሉንም የምትሰበስበው እርሷ ነበረች።

ስለዚህ በቤተ ክርስቲያናችን እንጀምር። በኅብረት ቀን ውሃ፣ ቆሎና ቅንጬ ይቅረብ። በሠርግ ላይ የሽሮዋ ድስት ከጥግ ወደ መሃል ትምጣ። ሥጋ ካለ በልክ፣ በደንብ በስሎ ይሁን። እንቢ ያለውን የስኳር ሕመምተኛ አናስገድደው። ስናደርገውም ጽድቅን ለማግኘት አይሆንም፤ እርሱ በክርስቶስ ተፈጽሟል። የምናደርገው በዋጋ የተገዛ ሰውነት የእኛ ስላልሆነ ነው።

የሚቀጥለው ሠርግ ላይ አንድ ወንድም ከሽሮው ሲጨልፍ ብታዩት አትሳቁበት። ሳህናችሁን ይዛችሁ ከኋላው ተሰለፉ።

ጌታ ገበታችንን ይባርክ፤ የሚበሉትንም ያስተውሉ ዘንድ ይርዳቸው። አሜን።