«ምንም የለብዎትም» ማለት ያሳፍራል

ሐኪም ልሆን የምማር ሰው ነኝ። በየተረኛ ክፍሉ ስንሰማው የምንውለው ትልቁ ውሸት «እማማ፣ ምንም የለብዎትም» የሚለው ነው። እንጀራ ጋግረው ያደሩ እናት ከእሪ በከንቱ ዳገቱን ወጥተው ይመጣሉ። ወገባቸውን ካመማቸው ዓመታት አልፈዋል። ራጁ ደህና፣ ደሙም ደህና። «ልጄ፣ ሌሊት ይለበልበኛል፤ እግሬ ድረስ ይነዝረኛል» ይላሉ። ሲኒየሩ በር ላይ እንደቆመ «ዲክሎፌናክ ውጋና ሸኛቸው» ይላል።

የሚለበልብና የሚነዝር ሕመም የነርቭ ሕመም ምልክት ነው። ዲክሎፌናክ እምብዛም አይረባውም፤ ርካሹ አሚትሪፕቲሊን ግን ብዙዎችን ይረዳል። ይህን መጽሐፉ ላይ አንብበናል። ዋርድ ውስጥ የምንማረው ግን ከማይድን ሰው መሸሽን ነው። ራውንድ ላይ ብርቅ የልብ ድምፅ ያለበትን ልጅ አልጋ እንከባለን፤ ወገባቸውን የሚያማቸውን አዛውንት ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር እናልፋቸዋለን። ተማሪ ሞኝ አይደለም፤ የሚከበረውንና የሚናቀውን ያያል።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች መዝገብ ከሦስት ወር በላይ የቆየ ሕመም «ኤምጂ30» የሚል የራሱ ቁጥር አለው። እኛ ዘንድ ግን ስሙ አመል ነው፤ ሲብስም «ሱሰኛ»።

ድካሙን አውቀዋለሁ። በግንቦት 2011 ሐኪሞችና ኢንተርኖች ነጭ ጋዋን ለብሰው ለተቃውሞ የወጡት ለጨዋታ አልነበረም። ዲዩቲ ላደረ ሰው ማዳመጫ ጆሮ አይተርፈውም። ይሁንና ሕመምተኛውን «ያስመስላል» ማለትን ድካም አላስተማረንም፤ ያስተማሩን ሰዎች ናቸው።

«ድሃ አገር ነን» ለምትሉኝም ኡጋንዳ አለችላችሁ። እዚያ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የማስታገሻ ሕክምና ሥልጠና የወሰዱ ነርሶች ጭምር ሞርፊን እንዲያዙ ሕጉ ፈቅዷል። (ለወገብ ሕመም ሁሉ ሞርፊን ይታዘዝ አላልኩም፤ ሕመም ቁም ነገር ይሁን ነው የምለው።)

ከእኛ የተሸኙት እናት ምን ያደርጋሉ? ከአራዳ ጊዮርጊስ እስከ ቸርችል ጎዳና ፋርማሲ ለፋርማሲ ዞረው ያንኑ ዲክሎፌናክ ያለ ማዘዣ ገዝተው ይውጣሉ። ከወራት በኋላ ጨጓራቸው ደምቶ ይመለሳሉ። ያን ጊዜ አልጋ ይሰጣቸዋል፤ ሲኒየሩም አልጋቸው ዙሪያ ሰብስቦን በደስታ ያስተምርባቸዋል።

መምህሮቻችን፣ ነገ ጠዋት ራውንድ ላይ እኒያን አዛውንት አትለፏቸው። በፈተናም ጠይቁን፤ ፈተና ላይ የማይመጣ ነገር እንደማይነበብ ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም።