ክለብ የሌለው የስፖርት ሰው የለም፤ የደበቀ ግን ሞልቷል

በስፖርቱ መንደር «እኔ ክለብ የለኝም» ከሚል ሰው በላይ የሚያሰጋ የለም። ዳኛው፣ ጋዜጠኛው፣ አሰልጣኙ፣ የፌዴሬሽኑ ሹም ሁሉም ወደ ሙያው የገቡት ኳስ ስለወደዱ ነው። ኳስን ደግሞ በደፈናው የሚወድ ልጅ የለም፤ ልጅ የሚወደው አንድ ማሊያ ነው። ካታንጋ ወይም ሚስማር ተራ ተቀምጦ ድምፁ እስኪዘጋ የጮኸ ልጅ፣ ከሃያ ዓመት በኋላ ፊሽካ ወይም ማይክራፎን ስለጨበጠ ብቻ ያ ፍቅር አይወጣለትም። «ወጥቶልኛል» ካለ ወይ ራሱን አታሏል፣ ወይ ሕዝቡን እያታለለ ነው።

ስለዚህ «ክለብ አለህ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ከንቱ ድካም ነው። መጠየቅ ያለበት «ክለብህን ማን ያውቃል? የክለብህ ጉዳይ ሲመጣስ ትነሳለህ ወይ?» ተብሎ ነው።

አማርኛ የሜዳውንም የችሎቱንም ሰው በአንድ ስም «ዳኛ» ብሎ ይጠራል። የችሎቱ ዳኛ የሥጋ ዘመዱ ተከራካሪ ሆኖ በቀረበበት መዝገብ ላይ አይቀመጥም፤ ከችሎት ይነሳል። ዘመድህን ካድ የሚለው ግን የለም። ዝምድናውን ያስታውቃል፣ ይነሳል፣ መዝገቡን ሌላ ዳኛ ያየዋል። አለቀ። የሜዳው ዳኛ ከዚህ የሚለይበት ምክንያት ምንድን ነው?

እንግሊዞች ይህ ቀድሞ ገብቷቸዋል። የፕሪሚየር ሊግ ዳኞች የሚደግፉትን ክለብ ለመዳቢው አካል ያሳውቃሉ፤ የዚያን ክለብ ጨዋታም አይመሩም። ማይክል ኦሊቨር የኒውካስል ደጋፊ መሆኑ በግልጽ የታወቀ ነው። ስለዚህ ኒውካስል ሲጫወት ፊሽካው በሌላ ሰው እጅ ነው። ይህ ክለቡን አላስካደውም፤ በ2022ቱ የኳታር ዓለም ዋንጫ ከመዳኘትም አላገደውም።

ተንታኞችንም እንይ። ጄሚ ካራገር ያደገው የኤቨርተን ደጋፊ ሆኖ ነው። እንጀራው ግን በዚያው ከተማ ወዳለው ተቀናቃኝ፣ ወደ ሊቨርፑል ወሰደው፤ 737 ጨዋታ ተሰልፎለታል። ዛሬ በቴሌቪዥን ሲተነትን ተመልካቹ የማን ሰው እንደሆነ ያውቃል። ሊቨርፑልን ሲያሞግስ ጥቂት ቀንሶ ይሰማዋል፣ ሲነቅፍ ጨምሮ ያምነዋል። ሚዛኑ በተመልካቹ እጅ ነው። ክለቡን የደበቀ ተንታኝ ይህንን ሚዛን ነው ከሕዝቡ የሚሰርቀው።

በአገር ቤትም ምሳሌ አይጠፋም። ይድነቃቸው ተሰማ ከሃያ ዓመት በላይ የተጫወቱት ለአንድ ክለብ፣ ለቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫን ስታነሳ አሰልጣኝ ነበሩ፤ ከ1972 እስከ ዕለተ ሞታቸው 1987 ድረስም የካፍ ፕሬዚዳንት ሆነው አህጉሩን መርተዋል። የየትኛው ክለብ ልጅ እንደሆኑ የተደበቀ ነገር አልነበረም። ፍቅራቸው የታወቀ ስለሆነ፣ ሊከሳቸው የፈለገም ሊያወድሳቸው የፈለገም ሥራቸውን በአደባባይ መመዘን ይችል ነበር።

«ያ ሌላ ዘመን፣ ሌላ አገር ነው፤ ዛሬ እዚህ ክለቡን የተናገረ ዳኛ ይደበደባል» የሚሉ አሉ። ስጋታቸው ባዶ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 ዳኛ ሜዳ ላይ ተደብድቦ ሊጉ እስከ መቋረጥ ደርሷል። የብዙ ክለቦች ስም የከተማ ስም ነው፤ ክለብ መጥራት ብሔር እንደ መጥራት የተቆጠረበት ጊዜም ታይቷል።

ግን መደበቁ ማንን አዳነ? ዳኛው ዝም ሲል ደጋፊው ራሱ ክለብ ይሰጠዋል፤ በስሙ፣ በአነጋገሩ፣ በትውልድ ቦታው። ከዚያ በኋላ የሰጠው ፍጹም ቅጣት ምት ሁሉ የወገንተኝነት ማስረጃ ይሆናል። እውነት ሲታፈን ሐሜት ይነግሣል። ደግሞስ ዳኛ ክለቡን በድምፅ ማጉያ ይለፍፍ ያለ ማን ነው? ለመዳቢው ኮሚቴ በጽሑፍ ይስጥ፤ ሕዝብ ደግሞ ደንቡን ይወቅ። ያኔ «ይህ ዳኛ የእነሱ ነው» ለሚል ወሬ ፌዴሬሽኑ የሚሰጠው መልስ ይኖረዋል።

ጋዜጠኛው ጋ ሲደረስ ነገሩ ይገለበጣል። በኤፍኤም ሬዲዮ «አርሴናል ነኝ»፣ «ማንቸስተር ዩናይትድ ነኝ» ለማለት የሚያፍር የለም፤ መቀለጃም መተዳደሪያም ሆኗል። የሸገር ደርቢ ሲመጣ ግን፣ ጊዮርጊስ ነህ ወይስ ቡና ሲባል፣ ያው ሰው «ገለልተኛ ነኝ» ይላል። ሚዛን በእጅጉ የሚያስፈልገው እዚህ ነበር! አርሴናል በአዲስ አበባ ሬዲዮ ዘገባ አንድ ነጥብ አያገኝም፣ አያጣምም። የአገር ውስጥ አሰልጣኝ ግን በአንድ ፕሮግራም ዘመቻ እንጀራውን ሊያጣ ይችላል። በክለብ አውቶቡስ ተሳፍሮ፣ በክለብ አበል አድሮ የሚዘግብ ካለማ ፍቅር መሆኑ ቀርቶ ቅጥር ሆኗል። ያንንም ለአድማጩ ይንገር።

ወደ ሙያው ለመግባት ለሚያስቡ ወጣቶች «ክለብህን ካልካድክ ባለሙያ አትሆንም» ብሎ መምከር ውሸትን ከመጀመሪያው የሥራ ቀን ማስተማር ነው። የሚነገራቸው ዋጋው ይሁን። ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር። ዋጋው የሚወዱትን ክለብ ጨዋታ ለሌላ ዳኛ መልቀቅ ነው። ክለቡ ሲያጠፋ ስሙን ጠርቶ መዘገብ ነው። ጎል ሲገባ ከወንበር ሳይነሱ ደቂቃውን መመዝገብ ነው። ይህን መክፈል የማይፈልግ አያፍርም፤ ደጋፊነትም ክብር ነውና ትኬቱን ቆርጦ ይግባ። በሁለት ቢላዋ መብላት ግን የለም።

የሚጠየቀው ከባድ አይደለም። ዳኛ ክለቡን ያስመዝግብ። ጋዜጠኛ ለአድማጩ ይናገር። ከክለብ አመራርነት ወደ ፌዴሬሽን የመጣ ሹም የቀድሞ ክለቡ ጉዳይ ሲነሳ ከስብሰባው ይውጣ። ደጋፊም በበኩሉ ክለቡን በግልጽ የተናገረን ባለሙያ በማሊያው አይስደበው፤ በሥራው ይመዝነው። የመጀመሪያው እውነት ተናጋሪ ከተሰደበ ሁለተኛው አፉን አይከፍትም።