ቀቢ የሚመዘነው ወለሉ ላይ ነው

አዲስ የተቀባ ቤት ስገባ መጀመሪያ ግድግዳውን አላይም። ቀጥታ ወደ ታች ነው የማየው፤ ዞኮሎውና ወለሉ የሚገናኙበት መስመር ላይ። ሰፊውን ግድግዳ ማንም በሩሎ ሊያለብሰው ይችላል። የቀቢው እጅ የሚታወቀው እዚያች ጠባብ ጠርዝ ላይ ነው።

ብዙ ቤት ውስጥ ምን ታያላችሁ? ሴራሚኩ ላይ ነጭ ነጠብጣብ፣ በመጋጠሚያዎቹ መሀል ገብቶ የደረቀ ቀለም፣ በጫማ የተጎተተ አሻራ። ከዚያ «ቀቢዎቻችን ግድ የላቸውም» እንላለን። እኔ በዚህ አልስማማም። ነገሩ የሚበላሸው ብሩሽ ሳይነሳ፣ ገና ዋጋ ስንደራደር ነው።

እስቲ አስቡት። ስራው ብዙ ጊዜ የሚሰጠው በካሬ ነው። በካሬ ስትዋዋሉ የምትከፍሉት ለተቀባው ግድግዳ ነው። ወለል ለመሸፈን፣ አቧራ ለመጥረግና ቴፕ ለመለጠፍ የሚሄደው ሰዓት ሂሳቡ ውስጥ የለም። ያልተከፈለበትን ስራ ቢዘለው ምን ይገርማል? ጋዜጣ በትኖ ይጀምራል። ጋዜጣ ደግሞ ቀለም ያሳልፋል፤ ሲረገጥም ይቀደዳል።

ጥንቃቄው ራሱ ከባድ አይደለም። ጠርዙ ተጠርጎ በእርጥብ ጨርቅ ይወለወላል፣ ከዚያ ይደርቃል፤ ቴፕ አቧራ ላይ አይዝም። የወረቀት ቴፑ ወለሉ ላይ፣ ዞኮሎውን ተጠግቶ ይለጠፍና ጠርዙ በስፓቱላ ጫን ጫን ይደረጋል። ቀለም ሾልኮ የሚገባው በደንብ ባልተጫነው በኩል ነዋ! ቀሪው ወለል ካርቶን ወይም ወፍራም ጨርቅ ይልበስ። ብሩሹ እስከ ሲሶው ብቻ ይነከር። አንዴ ወፍራም ከማልበስ ሁለቴ ስስ አድርጎ መቀባት ይሻላል። ቴፑ የሚነሳው የመጨረሻው ቀለም ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ነው፤ ከደረቀ ግን መጀመሪያ ጠርዙን በምላጭ ቀስ ብሎ መቁረጥ ያስፈልጋል።

ቲክቶክ ላይ ቴፕ ሲላጥ የሚያሳዩ ቪዲዮዎች ደስ ይላሉ አይደል? የማያሳዩዋችሁ ከዚያ በፊት ያለውን ልፋት ነው።

«ቢንጠባጠብስ? በአኳራጅ ይለቃል» የሚሉኝ አሉ። ሴራሚክ ላይ እሺ። ፓርኬ ላይ ግን አኳራጁ ቫርኒሹን ሊያደበዝዘው ይችላል፤ በምላጭ ከፋቃችሁት ደግሞ ይጫራል። የውሃ ቀለም ከሆነ እርጥብ እያለ በእርጥብ ጨርቅ ይነሳል። ሲንቴቲክ ግን ለውሃ አይበገርም። ተከራይ ከሆናችሁ ደግሞ ወለሉ የእናንተ አይደለም፤ ከቀለም ሂሳብ ላይ የቆጠባችኋትን ብር አከራዩ ስትለቁ ከነወለዱ ይጠይቃችኋል።

ስለዚህ ሀሳቤ ቀላል ነው። ስትዋዋሉ ለመሸፈንና ለቴፕ የሚሆነውን ለብቻው ተነጋገሩ፣ ለብቻው ክፈሉ። ስራው ከመጀመሩ በፊት ደግሞ ቀቢው ባለበት ወለሉን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ይሄ እናንተን ብቻ የሚጠብቅ እንዳይመስላችሁ። ድሮ በነበረ ነጠብጣብ ተሳቦ የቀን ድካሙ የሚቆረጥበት ሰራተኛም አለ፤ ፎቶው ለእሱም ምስክር ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ? እዚህ ጋ ቅጠሉ አንድ ጥቅል ቴፕና የግማሽ ቀን ክፍያ ነው።