ለዲጄው ክፍያ፣ ለመሰንቆው ጭብጨባ

እዚህ ሲያትል ሰርግ ተጠርተው ያውቃሉ። አዳራሹ ሞልቶ፣ ሙሽሮቹ ገብተው፣ እራት ተበልቶ፣ አንድ ወጣት መሰንቆውን ከድምፅ ማጉያ ጋር አገናኝቶ ጓደኛው በኮምፒውተር ምት እየሰጠው ሲጫወት ያዩ እንደሆነ፣ ከጠረጴዛዎ ዙሪያ አንድ ድምፅ መስማትዎ አይቀርም፦ «ባህላችንን አበላሹት!» ምናልባትም ያ ድምፅ የራስዎ ይሆናል። የእኔም ሆኖ ያውቃል።

ዛሬ ከዚያ ድምፅ ጋር ልሟገት ነው። ባህላዊ ሙዚቃችንን የሚያጠፋው የሚለውጠው ወጣት አይደለም። የሚያጠፋው የማያስተምረውና የማይከፍለው ሽማግሌ ነው። ይህ ሽማግሌ ደግሞ ሌላ ሰው ሳይሆን እኔና እርስዎ ነን።

እስቲ መጀመሪያ «ንጹሕ ባህል» የምንለውን እንመርምር። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በ1924 ኢየሩሳሌም ላይ ያገኟቸውን አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች ወደ አዲስ አበባ አመጡ፤ «አርባ ልጆች» የምንላቸው እነዚህ ናቸው። ከእነርሱ መለከትና ጥሩምባ ጋር ከተለማመደው ጆሯችን በኋላ ነው ዛሬ «የድሮው ዘፈን» እያልን የምንናፍቀው የክቡር ዘበኛና የፖሊስ ኦርኬስትራ ዘፈን የመጣው። ያ ዘፈን በጊዜው አዲስ ነበር። በጊዜውም «ይህ የፈረንጅ ነው» ያለ ሰው አይጠፋም።

አንጋፋው ጌታቸው መኩሪያ በልጅነቱ የተማረው ክራርና መሰንቆ ነበር። ሳክስፎን የያዘው ከዚያ በኋላ ነው። ሳክስፎኑን ሲይዝ ግን የአሜሪካንን ጃዝ አልገለበጠም፤ የጦረኛውን ሽለላ በሳክስፎን አሰማ። እስቲ ያስቡት፦ ጎራዴ የመዘዘ ሰው የሚያሰማውን ፉከራ ቤልጅግ አገር በተፈለሰፈ ቧንቧ ማሰማት! በኋላም ዘ ኤክስ ከሚባለው የኔዘርላንድ ባንድ ጋር «ሞአ አንበሳ» የተባለውን አልበም በ2006 አወጣ። በ2016 እስካረፈበት ጊዜ ድረስ «ሽለላን አበላሸ» ያለው ሰው ካለ፣ ዛሬ ስሙን የሚያስታውሰው የለም። የጌታቸውን ስም ግን ዓለም ያውቀዋል።

ሙላቱ አስታጥቄስ? ጅማ ተወልዶ፣ እንግሊዝ አገር ተምሮ፣ ቦስተን በርክሊ ኮሌጅ ገብቶ፣ አራቱን ቅኝቶቻችንን ከቫይብራፎንና ከላቲን ከበሮ ጋር አጋባቸው። «ኢትዮ ጃዝ» ተባለ። ዛሬ የውጭ አገር ሰው ስለ ሙዚቃችን ሲጠይቀን ደረታችንን ነፍተን የምንጠራው ይህንኑ «በጥባጭ» ነው።

«እነዚህ ዘመናውያን ናቸው፤ እኔ የምለው ስለ ባህል ኦርኬስትራ ነው» ይሉኝ ይሆናል። እርሱም ቢሆን ከአያት የወረደ አይደለም። በየአካባቢው ለየብቻቸው ይጫወቱ የነበሩትን መሰንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንትና በገና በአንድ መድረክ ያሰባሰበው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ የተመሠረተው በ1963 ነው። መሥራቹም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ግብፃዊው የሙዚቃ ቀማሪ ሐሊም ኤል ዳብ ነበር። በኋላ ተስፋዬ ለማ መራው፤ በ1969 እዚሁ አሜሪካ ድረስ መጥቶ ተጫወተ። ስለዚህ የባህል ልብስ ለብሶ በሰልፍ ተቀምጦ የሚጫወተው ቡድን ራሱ የፈጠራ ሥራ ነው፤ ጥሩም ፈጠራ!

ይሁን እንጂ ተከራካሪዬን መበደል አልሻም። አንድ እውነት አለው። የመሰንቆ አውታር አንድ ናት፤ ከፈረስ ጭራ የተሠራች። ጣት በላይዋ ሲንሸራተት በሁለት ድምፆች መካከል ያለውን ሁሉ ታሰማለች። ኦርጋኑ ግን ድምፆቹን በእኩል ርቀት ከፋፍሎ የተሠራ የፈረንጅ መሣሪያ ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ በጆሮ የሚቃኙ በመሆናቸው ሁልጊዜ በኦርጋኑ ቁልፍ ልክ ላይ አይወድቁም፤ በተለይም አንቺሆዬ። እንግዲህ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ቅኝቱን በኦርጋን ብቻ የሰማ ልጅ፣ እውነተኛው መሰንቆ «የተሳሳተ» ሊመስለው ይችላል። ይህ ጉዳት ነው፤ አልክድም።

ነገር ግን ይህን ጉዳት ያመጣው ማን ነው? ወጣቱ ከማጉያ ጋር ያገናኘው መሰንቆ አሁንም መሰንቆ ነው፤ ጭራውም፣ ጣቱም፣ መንሸራተቱም አለ። «መሰንቆ» የሚል ቁልፍ ያለበትን ኦርጋን ቀጥረን፣ ባለ መሰንቆውን ቤቱ ያስቀረነው ግን እኛ ነን። ለምን? ስለሚረክስ! አንድ ሰው የአምስት ሰው ሥራ ይሠራላ። ለአዳራሹ፣ ለሊሞዚኑ፣ ለኬኩ፣ ለቪዲዮው፣ ለዲጄው ቀድመን ውል ተፈራርመን እንከፍላለን። ባለ መሰንቆው ጋ ስንደርስ ግን «ወንድማችን አይደለህ፤ ለኮሙኒቲው ብለህ ተጫወትልን» እንላለን። ከዚያ አጨብጭበን፣ ግንባሩ ላይ ጥቂት ብር ለጥፈን እንሸኘዋለን። በጭብጨባ የቤት ኪራይ አይከፈልም፤ በሲያትል ደግሞ ጨርሶ አይከፈልም።

ነገሩ ሥር ያለው ነው። አገራችን «አዝማሪ» የሚለውን ቃል ስንት ዘመን ለስድብ ተጠቅማበታለች! ልጁ መሰንቆ ቢያነሳ «አዝማሪ ልትሆንብኝ ነው?» ብሎ የተቆጣ አባት፣ ባሕር ተሻግሮ ሲመጣ የመሰንቆ ጠበቃ ሆኖ ቁጭ ይላል። ባለሙያውን የሚንቅ ሰው ሙያውን እወዳለሁ ሊል አይችልም።

የዋልያስ ባንዱን ኃይሉ መርጊያን ያስታውሱ። በ1981 ከባንዱ ጋር ወደ አሜሪካ መጥቶ ዋሽንግተን ቀረ። በ1985 ብቻውን ሆኖ፣ አኮርዲዮኑን ከኤሌክትሪክ መሣሪያዎች ጋር አዋሕዶ የድሮ ዜማዎችን የያዘ ካሴት አወጣ። ከዚያም ለብዙ ዓመታት ደለስ ኤርፖርት ታክሲ ነዳ። ካሴቱን ባሕር ዳር አግኝቶ፣ ኃይሉን ፈልጎ፣ በ2013 ዳግመኛ ያሳተመው አንድ አሜሪካዊ ነው። ኃይሉም ወደ ዓለም መድረክ ተመልሶ በ2018 አዲስ አልበም አወጣ። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት እኛ የት ነበርን? እዚህ በሲታክ ኤርፖርት ተሳፋሪ ከሚጠብቁት ወንድሞቻችን መካከል ስንቶቹ ከመኪናቸው ዕቃ መጫኛ ውስጥ ክራር ይዘው እንደሆነ ጠይቀን እናውቃለን?

ሌላም ልጨምር። በቦስተን ዳኒ መኮንን የተባለ የኢትዮጵያውያን ልጅ ያቋቋመው ደቦ ባንድ የመጀመሪያውን ሙሉ አልበም በ2012 ያወጣው በሰብ ፖፕ ሥር ነው። ሰብ ፖፕ የማን ከተማ ኩባንያ ነው? የእኛው የሲያትል! አኮርዲዮንና ቫዮሊን የያዙ ወጣቶች የኢትዮጵያን ዜማ በአዲስ ቅንብር ሲያሰሙ፣ የከተማችን ኩባንያ ዋጋ አለው ብሎ አሳተመው። እኛ ደግሞ ገና «አበላሹት ወይስ አላበላሹት» እያልን እንከራከራለን።

ሁሉም ለውጥ መልካም ነው እያልኩ አይደለም። አውቆ የለወጠና ሳያውቅ የለወጠ ይለያያሉ። ጌታቸው ሽለላውን ያውቀው ነበር፤ ሙላቱም ቅኝቱን አጥንቷል። መለኪያው ይህ ይሁን። አዲስ ነገር ይዞ የመጣውን ልጅ «አበላሸኸው» ከምንለው «ከማን ተማርከው?» እንበለው። «ከማንም» ብሎ ከመለሰ፣ ጥፋቱ ግማሹ የኛ ነው፤ የሚያስተምረው አላቆምንለትምና።

ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቅዎታለሁ። አንደኛ፦ በሚቀጥለው የቤተሰብዎ ሰርግ ወይም ምርቃት ላይ ግማሽ ሰዓት ለእውነተኛ መሰንቆ ወይም ክራር ይስጡ፤ በሰዓት ለዲጄው የሚከፍሉትን ያህልም ቀድመው ተዋውለው ይክፈሉ። ሁለተኛ፦ ልጆቻችን ፊደል በሚቆጥሩበት የቅዳሜ ትምህርት ላይ አንድ ሰዓት ክራር ይጨመር፤ መምህሩም ደመወዝ ይኑረው። በ1972 በተጀመረውና በሜይ መጨረሻ ሲያትል ሴንተር በሚደረገው የፎክላይፍ ፌስቲቫል የስንቱ ሕዝብ ልጆች የአያቶቻቸውን መሣሪያ ይዘው ሲወጡ አይተናል። የእኛ ልጆች በቴፕ እስክስታ ሲመቱ እናጨበጭባለን። እስክስታው ደስ ይላል፤ ግን ትከሻው እንጂ ጣቱ አልተማረም።

ልጅዎ ክራሩን ከተማረ በኋላ ከራፕ ጋር ያዋሕደው፣ ከጃዝ ጋር ያጋባው፣ የራሱ ጉዳይ ነው። ያልተማረውን ግን ሊጠብቅልንም ሆነ ሊለውጥልን አይችልም።